ስኳሩ ለምን ጠጠር ሆነ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ስኳር ነው። «ስኳር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» እንዳትሉን። ነገሩ የተነሣው ከመካከላችን በአንዷ ላይ በደረሰ ወቀሳ ነው።

ይህች እህታችን እዚሁ ዓይን ኤል ረማነህ በሰው ቤት ትሠራለች። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ክናፌ ላይ የሚፈስሰውን የስኳር ሽሮፕ፣ እነሱ «አጠር» የሚሉትን አፈላች። ማታ እንደ ማር ይዝለገለግ የነበረው በማግስቱ ጠርሙሱ ውስጥ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ማዳም «ስኳር አብዝተሽ አበላሸሽው፤ ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ» ብላ ተቆጣች። እህታችን ግን የለካችው እንደ ወትሮው ነው፤ ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ። እሑድ አልቅሳ ስትነግረን ሁላችንም ጥያቄው ያዘን። ልኩ ያው ሆኖ ሳለ ምን ለወጠው?

መልሱን በዓይናችን ለማየት በራሳችን ገንዘብ ስኳር ገዝተን በአንዷ የኪራይ ክፍል ሞከርነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈላን። ሦስት ብርጭቆ ስኳር ጥቂት በጥቂት እየጨመርን አማሰልነው። መጀመሪያ «ይሄ ሁሉ የት ይገባል?» ብለን ነበር፤ ግን ሁሉም ሟሟ፤ ውሃውም ጠራ። በሙቀት መቋቋም የሚችል ብርጭቆ ውስጥ ገለበጥነው። የጥጥ ክር አርሰን ስኳር ላይ አንከባልለን አደረቅነው። ክሩን በእርሳስ ላይ አስረን፣ ሽሮፑ ሲበርድ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ አንጠለጠልነው። ጉንዳን እንዳይገባ በወረቀት ሸፍነን ሳንነካካው ተውነው። በሚቀጥለው እሑድ ክሩ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ የስኳር ጠጠሮች በቅለው አገኘን። የሊባኖስ ቅመም ቤቶች «ሱካር ነባት» እያሉ የሚሸጡት ጠጣር ስኳርም የዚሁ ዓይነት ነው።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ውሃ ስኳር የሚይዘው በልክ ነው፤ ልኩ ደግሞ በሙቀት ይሰፋል። 100 ግራም ውሃ በተለመደው የክፍል ሙቀት 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። ሲፈላ ግን ወደ 490 ግራም ገደማ ይይዛል። ሲበርድ ልኩ ተመልሶ ይጠብባል፤ ትርፉ ስኳር ማረፊያ ይፈልጋል። ክሩ ላይ ያጣበቅናት ቅንጣት ማረፊያ ሆነችው። ጨው እንዲህ አይደለም፤ 100 ግራም ውሃ በክፍል ሙቀት 36፣ ሲፈላ 39 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል።

አሁን ወደ እህታችን አጠር እንመለስ። ሁለት ኩባያ ስኳር 400 ግራም፣ አንድ ኩባያ ውሃ 240 ግራም ያህል ነው። ይህ ውሃ ቢበርድም 480 ግራም ስለሚይዝ ችግር የለውም። ዳሩ ግን ድስቱ ብዙ ፈልቶ 60 ግራም ውሃ ቢተንን የሚቀረው 180 ግራም ነው። ይህ ሲበርድ የሚይዘው 360 ግራም ብቻ ነው፤ 40 ግራም ስኳር ማረፊያ ያጣል። ጥፋቱ የልክ ሳይሆን የእሳቱ ነበር ማለት ነው። እሷም ስታስታውስ ለካ በመካከሉ ሕፃኑን እንድታጥብ ተጠርታ ድስቱ ሲፈላ ቆይቷል።

ስለዚህ እህቶች፣ እነዚህን ያዙ። ስኳሩ እስኪሟሟ አማስሉ፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ አታማስሉ። በድስቱ ጎን የተረጨውን በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉ፤ አንዲት ደረቅ ቅንጣት ተመልሳ ከወደቀች እንደ ክራችን ማረፊያ ትሆናለች። ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ሎሚው ስኳሩን በከፊል ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች ስለሚከፍለው እርስ በርሱ ተያይዞ እንዳይጠጥር ይከለክለዋል። ስኳር የነካው ማንኪያ ጠርሙሱ ውስጥ አትክተቱ። ጠጥሮ ከተገኘም አትጣሉት፤ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በቀስታ አሙቁት፣ ይመለሳል። የጠጠረ ማርም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይመለሳል፤ መጠጠሩ ብቻውን የተበላሸ ነው አያሰኘውም።

አንድ ጥንቃቄ አደራ። የሚፈላ ሽሮፕ ከውሃ የበለጠ ይሞቃል፣ ቆዳም ላይ ይጣበቃል። ካቃጠላችሁ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አትቀቡት።

ይህ ዕውቀት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በአዋሽ ዳር የበቀለውን ሸንኮራ ጨምቆ፣ ጭማቂውን አፍልቶ ውሃውን እያተነነ ነበር ስኳሩን የሚያጠጥረው። በብርጭቆ ያየነው ያንኑ ነው።

እህታችን ነገሩን ለማዳም በእርጋታ አስረዳች። ማዳም ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ከደመወዙ ግን አልቆረጠችም። እህታችን ለእኛ የነገረችን ሌላ ነው። ማታ አገር ቤት ላለው ልጇ በስልክ ክሩን እንዴት እንደሚያስር ነገረችው። ውሃውን አያቱ እንዲያፈሉለት አደራ አለች። በሳምንቱ ልጁ ራሱ ደውሎ «እማዬ፣ በቀለ!» አላት።