መንገድ ሲዘጋ ኢንሱሊኑስ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ብዙ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሊገዛ ሮጠ። የስኳር ሕመምተኛው ጭንቀት ግን የሚቀጥለው ቀጠሮው ነበር። በዚያው ወር ባሕር ዳር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበ፣ ክልሎች የአገር አቋራጭ ትራንስፖርት አቆሙ፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲው ግማሽ ሰው ብቻ እየጫነ ቀጠለ። ስኳር ያለበት ሰው ኮቪድ ይበረታበታልና ከቤት እንዳይወጣ ተመከረ፤ ኢንሱሊኑ ያለው ግን ከገጠር ወረዳው ርቆ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 155 አገሮችን ጠይቆ፣ በ49 በመቶው የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መስተጓጎሉን አረጋግጧል።

ቤት መዋሉም ቀላል አልነበረም። አዋጁ ከዐቢይ ጾም ማብቂያ ጋር ገጠመ፤ ፋሲካ አልፎ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። ኢንሱሊን ወግቶ ጾሙን የሚውል ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። ቤቱ የስኳር መለኪያ ያለውም ቢሆን የደም መመርመሪያው ስትሪፕ ካለቀበት መሣሪያው ጌጥ ነው። ትኩሳት ሲይዝ ደግሞ ምግብ ባይቀመስም ስኳር ከፍ ይላል። «አልበላሁም» ብሎ መርፌውን ያቋረጠ፣ በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት፣ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። በኮቪድ ለጸኑ ሕሙማን የሚሰጠው ዴክሳሜታሶንም ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ወረርሽኙ አንድ በጎ ነገር አስገደደ፤ በየወሩ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት በብዙ ቦታ የ2 እና የ3 ወር ሆነ። ኪኒን ለሚወስደው ግልግል ነው። ኢንሱሊን ግን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ መብራት የሌለው ቤት ምን ያድርገው? ማሰሮ አለ። ብልቃጦቹ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስረው ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱ እርጥብ አሸዋ በያዘ ትልቅ ማሰሮ መሐል ይቀመጣል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውኃ ይጨመርበታል። እንደ ፍሪጅ ባያቀዘቅዝም ከሙቀት ያድናል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም ይጣላል።

በኔ እምነት ጥፋቱ የቫይረሱ ብቻ አይደለም። ኤች አይ ቪ ላለባቸውና ሕክምናቸው ለተረጋጋ ሰዎች ከኮቪድ በፊትም የ6 ወር መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ለስኳር ታማሚው ይህን ለማሰብ ወረርሽኝ መጠበቅ አልነበረበትም። የ3 ወሩ አሰጣጥ የአደጋ ጊዜ ችሮታ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ክትትሉም ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ አለበት። ስኳርዎ የተረጋጋ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱንም ሐኪምዎን ይጠይቁ።