ጅማ ውስጥ ለዓመታት የሙያ ብቃት መዛኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሊፈተን ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከሰቃ፣ ከሸቤ የሚመጣውን ልጅ ተቀብዬ፣ ሥራውን አይቼ፣ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ አይደለም» ብዬ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ቆይቶ ደግሞ ወደ ካናዳና ወደ ጀርመን በሙያቸው ለማመልከት ያሰቡ ልጆች «እስቲ ፋይሌን አንዴ እዩልኝ» እያሉ ማታ ማታ ቤቴ መምጣት ጀመሩ። ስለዚህ ወረቀት የሚወድቅበትን ቦታ ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ። የሚወድቀው ኤምባሲ ደጃፍ አይደለም። እዚሁ፣ ብየዳ ቤቱና ጋራዡ ውስጥ ነው።

በአንድ ልጅ ፋይል ልጀምር። ልጁ አጋሮ ዙሪያ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነው። ያ አገር ዱሮሚና የሚባለው የቡና ገበሬዎች ማኅበር ያለበት ነው፤ ቡናው ማኅበሩ በተቋቋመ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከአፍሪካ ቡናዎች ሁሉ አንደኛ የተባለበት። ቀማሹ ሲኒውን ያደንቃል፤ ገበሬውም ይሞገሳል፤ ይገባዋልም። ማሽኑን የሚጠግነውን ግን ማንም አያነሳውም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ማሽኑ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቢቆም፣ በባትሪ ብርሃን ፈትቶ፣ ያለቀውን ኩሽኔታ ቀይሮ ሳይነጋ የሚያስነሳው ይኼ ልጅ ነው።

ይዞት የመጣው የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. በቡና ወቅት በጥገና ሥራ ያገለገለ ታታሪ፣ ታዛዥና ምስጉን ሠራተኛ መሆኑን እየገለጽን ለሚመለከተው ሁሉ ይህን ጽፈናል።» ክብ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። እዚህ አገር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ካናዳ ያለ መርማሪ ሆናችሁ አንብቡት። መጀመሪያ፣ ተርጓሚው «ዓ.ም.» የምትለዋን ጥሏታል። ልጁ በፓስፖርቱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እንግዲህ በመርማሪው ንባብ በ12 ዓመቱ ማሽን መጠገን ጀምሯል፤ ሥራውንም በ16 ዓመቱ ትቷል። በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ብቻ የአንድ ልጅ የአምስት ዓመት ላብ ውሸት መሰለ።

ሁለተኛው «በቡና ወቅት» የሚለው ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለእጅ ሙያተኞች የከፈተችው ፕሮግራም፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ይጠይቃል። ሙሉ ጊዜ ማለት በሳምንት 30 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ በሳምንት 80 ሰዓት ብትሠራም የሚቆጠርልህ 30ው ብቻ ነው። ልጁ በየሌሊቱ ያጠፋው እንቅልፍ አይደመርለትም። ከጥቅምት እስከ ጥር 4 ወር፣ በአምስት ዓመት 20 ወር። ከሚፈለገው 24 ወር 4 ወር ጎደለው።

«ታዲያ ከየካቲት እስከ መስከረም ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ምንም፣ ጋሼ። አጋሮ ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፣ ወፍጮውንና የቡና መቀሸሪያውን እጠግናለሁ።»

«ለምን አላጻፍክም?»

«ወፍጮ ምን ሙያ ነው ብዬ ነዋ።»

አዘንኩ። ካናዳ ውስጥ የእሱ ሙያ መጠሪያ «ሚልራይት» ነው፤ የፋብሪካ ማሽን ተካይና ጠጋኝ ማለት ሲሆን፣ ስሙ ራሱ የመጣው ከወፍጮ ሠሪነት ነው። የናቀው ሥራ የሙያው እናት ነበረች። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ልኬ ሁለተኛ ደብዳቤ አስጻፍኩት። በመጀመሪያው ላይም ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲገቡ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ደመወዙ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚፈታውና የሚገጥመው ክፍል፣ የፈራሚው የሥራ ድርሻና የሚሠራ ስልክ ቁጥሩ እንዲጻፍ አደረግን። ምስጉንነቱን አወጣነው። መርማሪው ልጁ ምን መሥራት እንደሚችል እንጂ ጠባዩን አልጠየቀም። ስልኩን የምለው ደግሞ ስለሚደወል ነው። አሠሪው ደብዳቤ መጻፉን ረስቶ «ማነው እሱ?» ያለበት ፋይል አውቃለሁ፤ እዚያው ሞተ።

ስለ ቃል ላንሳ። የጅማ ጋራዥ ሠራተኛ መሣሪያውንም፣ ዕቃውንም፣ ሙያውንም በአብዛኛው በጣልያን ስም ነው የሚጠራው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ። እኛ አማርኛ ነው እንለዋለን፤ ልጁ ደግሞ እንግሊዝኛ ይመስለዋል። የአንዳንድ አገር ምዘና በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ይጀምራልና፣ ጠያቂው በእንግሊዝኛ የመሣሪያውን ስም ሲጠራ እጁ የሚያውቀውን አፉ ያጣዋል። ሃያ ዓመት ሞርሳ ላይ የቆመ ሰው ሞርሳ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ባለማወቁ እንደ ጀማሪ ሲታይ ማየት ያማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የእንግሊዝኛ ስሙን በወረቀት ለጥፉና በሠራችሁ ቁጥር ጥሩት።

አሁን ደግሞ በእኔ እጅ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ እንጨት ሥራ ሊፈተኑ አንድ አባት መጡ። የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ እግሩ ሳይገጠም አብሮ የሚወጣው። እኚህ አባት ያንን በዓይን ልክ የሚያወጡ ናቸው። ልጃቸው ውጭ አገር ሥራ አግኝቼልሃለሁ ብሏቸው ነው የመጡት። ሥዕሉን ሰጠኋቸው። ሁለት እንጨት በ90 ዲግሪ የሚጋጠሙበት፣ ልኩ በሚሊሜትር የተጻፈ ቀላል ሥራ ነው። ሥዕሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በስንዝራቸው ለኩ። የወጣው መጋጠሚያ ወረቀት አያስገባም፤ እንዲህ ያለ እጅ ከዚያ በፊት አላየሁም። ልኩ ግን የሥዕሉ አይደለም። መነጽር አላደረጉም፤ መጋዙንም ሶኬቱን ሳይነቅሉ ነው ያጸዱት።

«ገና ብቁ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። «ልጄ፣ ቤትህ ያለውን ወንበር ማን ሠራው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያኔ ያልነገርኳቸውን አሁን ለሁላችሁም እናገራለሁ። ምዘና ላይ ጎበዝ ሙያተኛ የሚወድቀው በአብዛኛው በእጁ አይደለም። የሚወድቀው በሦስት ነገር ነው፦ ሥዕል ማንበብ፣ የደኅንነት ጥንቃቄ፣ የሚሠራውን እየሠሩ ማስረዳት። ኤሌክትሪሻኑ ሰሌዳውን ከመንካቱ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ በቴስተር ካላረጋገጠ፣ ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ቢያምር አይድንም። በያጁም ማስኩን በእጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነጥብ ከመታ እንዲሁ። የውጭ መዛኞችም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ነው። እኚያ አባት ተመልሰው ሥዕል ተምረው አለፉ፤ ግን አንድ ዓመት አጠፋሁባቸው። ከፈተናው በፊት አሥር ደቂቃ የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ኖሮ አይጠፋም ነበር።

በደላላ ስለሚገዛው ሲኦሲ ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ሲያዝ፣ ሴቶች ልጆቻችንን ለመጠበቅ ነበር። ከሸቤና ከጎማ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ የተገዛ ወረቀት ይዛ የማታውቀው ማሽን ፊት ስትቆም የሚደርስባትን የምታውቀው እሷ ናት። ለሙያተኛው ደግሞ የተገዛ ወረቀት የቃለ መጠይቁን የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ አያልፍም። የሐሰት ማስረጃ ያቀረበ ሰው ለዓመታት በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ጀርመንን የሚያስቡ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ወዲህ፣ የጀርመን የሙያ እውቅና ሳይጠየቅ በልምድ የሚገባበት መንገድ ተከፍቷል። ነገር ግን ቢያንስ 2 ዓመት የፈጀ፣ በአገሩ መንግሥት የታወቀ ሥልጠናና ከመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ የ2 ዓመት ሥራ ይፈልጋል፤ የደመወዝ ወለልም አለው። የሦስት ወር አጭር ሥልጠና እዚህ አይገባም። ስለዚህ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የእያንዳንዱን ትምህርት ሰዓት የሚያሳየውን፣ ሲኦሲ አገኘሁ ብላችሁ አትጣሉት። እውቅናውን ለሚፈልግ ደግሞ ሕጋቸው ጥሩ ነገር አለው፦ ሰነዱ ያለጥፋቱ ያልተሟላለት ሰው ሙያውን በሥራ አሳይቶና በቃል አስረድቶ ሊመዘን ይችላል። እኚያን አባት የሚያክል እጅ እንዲህ ያለ ዕድል ይገባዋል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ግን አይደለም። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? በጅማ ዞን ስንት መሐመድ አለ? ፓስፖርቱ አንድ፣ ሲኦሲው ሌላ፣ ትራንስክሪፕቱ ሦስተኛ ከሆነ፣ መርማሪው ሦስት ሰው ያያል። ለምዘና ስትመዘገቡ የፓስፖርታችሁን ኮፒ አስይዙ፤ ፊደል በፊደል ተመልከቱ፤ ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ማረም ወራት ይፈጃል።

የመጨረሻው ቃሌ ለልጆቹ ሳይሆን ለአሠሪዎች ነው። በጅማ መርካቶና አጂፕ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ጋራዥ፣ ብየዳ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ወፍጮ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ልጁ ሥራ በጀመረበት ቀን ደብተር አውጡና ስሙን፣ ቀኑንና የሚሠራውን ጻፉ። ደመወዙን ስትሰጡት አስፈርሙት። ሊሄድ ነው ብላችሁ ደብዳቤ አትከልክሉት። ስለ እሱ የሚደወለውን ስልክም አንሱለት።