ሲሰረዝ ማን ይወስናል?

የአንድ ተማሪ መረጃ በፕሮግራም ውስጥ ኦብጀክት ሆኖ ተቀምጧል እንበል፤ ስም አለው፣ ስልክም አለው። ስልኩን ማጥፋት ፈለግን። በፓይተን «ዴል»፣ በጃቫስክሪፕት «ዲሊት» ማለት ይበቃል፤ የሩቢ ትእዛዝ ረዘም ቢልም ሥራው ያው ነው። ጠባያቸው የሚለየው ስልኩ ከመጀመሪያውም ሳይኖር ሲቀር ነው። ፓይተን እንዲህ የሚባል ነገር የለም ብሎ ስህተት ያነሳል፤ ሩቢም እንደዚያው። ጃቫስክሪፕት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «እውነት» ብሎ መልሶ ያልፋል።

እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ማሽን ላይ ሲሠራ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ዳይናሚክ ላንጉጅ ራንታይም፣ በአጭሩ ዲኤልአር፣ ግን ቋንቋዎቹ በኩባንያው መድረክ በዶት ኔት ላይ አንድ መሠረት እንዲጋሩና አንዱ የሌላውን ኦብጀክት እንዲነካካ ታስቦ የተሠራ ነው። የተወለደው ፓይተንን በዶት ኔት ላይ ከሚያስኬደው ከአይረንፓይተን ነው። የአይረንፓይተን ፈጣሪ ጂም ሁጉኒን ቀደም ሲል ፓይተንን በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያስኬደ ሰው ሲሆን፣ ዶት ኔት ለእንዲህ ያሉ ቋንቋዎች እንደማይመች ሊያሳይ ተነስቶ ተቃራኒውን አገኘ። ዲኤልአር እ.ኤ.አ. በ2010 ከዶት ኔት 4 ጋር የመድረኩ አካል ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስረዛ ትእዛዝ ሲመጣ ቋንቋው «ባይንደር» የሚባል መልእክተኛ ያዘጋጃል። ባይንደሩ የሚጠፋውን ስም ይይዛል፤ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለይ እንደሆነም ይናገራል፤ ይህ ፊደላቱን ለማይለየው ለቪዥዋል ቤዚክ ዓይነቱ ቋንቋ ትልቅ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኦብጀክቱ ነው። ኦብጀክቱ መልስ ከሌለው ጉዳዩ ወደ ጠያቂው ቋንቋ ይመለሳል፤ ስህተት ማንሳትም ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ የዚያ ቋንቋ ፈንታ ነው። ለሁሉም አንድ ደንብ ቢወጣ አንዱ ቋንቋ ተበድሎ ይቀር ነበርና፣ ከዲኤልአር ንድፍ ሁሉ ብልሃተኛው ይህ ይመስለኛል።

ይህ የዲኤልአርና የቋንቋዎቹ ውል ግን እንከን አላጣም። ስረዛ የሚመልሰው ዋጋ የለም ተብሎ ተደንግጓል። ስለዚህ የጃቫስክሪፕት «እውነት» ወይም «ሐሰት» በዚህ መንገድ አያልፍም፤ ቋንቋውን የሚገነባው ሰው ራሱ ዘዴ መፈለግ አለበት።

በዲኤልአር ውስጥ ኤክስፓንዶኦብጀክት የተባለው፣ ንብረት (እንደ ስልክ ያለ መረጃ) እየጨመሩበትና እየቀነሱበት የሚሄዱት ኦብጀክት፣ ውስጡ ሲታይ ሌላ ነገር ይገለጣል። ስልኩ ሲሰረዝ ቦታው አይነቀልም። እዚያ ላይ «ዋጋ የለውም» የሚል ምልክት ይቀመጥበትና የስሞቹ ዝርዝር እንዳለ ይቀራል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ተመሳሳይ ስሞች ያሏቸው ኦብጀክቶች ያንን ዝርዝር ይጋሩታል፤ ራንታይሙም ንብረት የት እንዳለ አንዴ ፈልጎ ያገኘውን በዝርዝሩ መሠረት ያስታውሳል። ስረዛ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ ቢለወጥ ያ ሁሉ ትውስታ ከንቱ ይሆን ነበር። የክሮም ብራውዘር የጃቫስክሪፕት ሞተር ቪ8ም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፦ ከመሃል ንብረት የተሰረዘበትን ኦብጀክት ብዙ ጊዜ ፈጣኑን አቀማመጥ ነፍጎ ወደ ዘገምተኛው የዲክሽነሪ አቀማመጥ ያወርደዋል። ፍጥነት የሚያሳስባቸው የጃቫስክሪፕት ጸሐፊዎች «ዲሊት»ን ትተው ዋጋውን ባዶ ማድረግ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ስረዛ ሁልጊዜ ማጥፋት አለመሆኑም መነሳት አለበት። የተማሪው ስልክ ቢሰረዝም ኦብጀክቱ የተሠራበት ክላስ በዚያው ስም ሌላ ዋጋ ካለው፣ ፓይተን ቀጥሎ ሲጠየቅ የክላሱን አውጥቶ ይሰጣል። ጃቫስክሪፕትም በፕሮቶታይፑ በኩል እንዲሁ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ሲሰናዳ የዶት ኔት ዋና ቋንቋ ሲ ሻርፕ ንብረት የሚሰርዝበት ሰዋስው የለውም። ዳይናሚክ ኦብጀክት የሚጽፍ የሲ ሻርፕ ሰው የስረዛውን ሜተድ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይችላል፤ የሚጠራው ግን አይረንፓይተንን የመሰለ ሌላ ቋንቋ ነው። ከኤክስፓንዶኦብጀክት ላይ ስልክ ማጥፋት ሲያምረው ኦብጀክቱን እንደ ዲክሽነሪ ቆጥሮ «ሪሙቭ» ይላል።