ከመወሰን በፊት ማጥናት

ገበሬ አዲስ ዘር ሲያገኝ ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም። በመጀመሪያ በጥቂት መሬት ይሞክረዋል፤ ጥሩ ሆኖ ካገኘው ያሰፋዋል። የአገር ጉዳይም እንደዚሁ ነው። መንግሥት ስለ መሬት፣ ስለ ጤና ወይም ስለ ትምህርት የሚከተለው የሥራ መመሪያ ፖሊሲ ይባላል። ፖሊሲ ሳይጠና ከወጣ ጉዳቱ በአንድ ማሳ አይቀርም።

የሰፈራን ነገር እንመልከት። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ስለነበረ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ተወሰደ። በዛሬው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያሉት አሶሳና መተከል ሰፋሪ ከተቀበሉት ቦታዎች መካከል ናቸው። ሥራው በጥድፊያ ተሠራ። ብዙ ሰው ሳይፈቅድ ተጫነ። ደጋ የለመደውን ሰው ቆላ ሲወርድ ወባ ጣለው። በመተከል ጉሙዞች የሚያርሱበት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት ጫካ ተመነጠረ። ሰፋሪውም ባላገሩም ተጎዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚመረምሩ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት አሉ። አንዱ በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ደሳለኝ ራህመቶ ናቸው። እኒህ ሰው ስለ መተከል ሰፈራ ጽፈዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. መንግሥት አዲስ ሰፈራ ሲጀምር፣ መድረኩ ያለፈው ሰፈራ ያመጣውን ጉዳት የሚያሳይ የእሳቸውን ጥናት አሳተመ።

ተቋሙ ሕግ አያወጣም፤ ግብርም አይሰበስብም። ሥራው ሕዝቡን መጠየቅ፣ መረጃውን ማመዛዘን፣ ባለሥልጣንና ምሁር በአንድነት እንዲከራከሩ ስብሰባ መጥራትና ውጤቱን ማሳተም ነው። ለየትኛውም ፓርቲ አይወግንም። እንደ ደህና ሽማግሌ፣ ለዘመድም ለባዳም ያየውን ይናገራል። ሆኖም አጥኚም ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ማን እንደሰጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እኛ ዘማች ተማሪዎች እንደምናየው፣ ሰው ሲጠየቅ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ከብቱን ያሳንሳል። ሐሰት የገባበት ጥናት ግን ሐሰተኛ ፖሊሲ ይወልዳል። በባምባሲም ሆነ በሆሞሻ አጥኚ ደብተር ይዞ ቢመጣ እውነቱን ንገሩት። እናንተም መልሳችሁ ጠይቁት፦ «ማን ላከህ? ለምን ትጠይቀናለህ? ውጤቱንስ መጥተህ ታነብልናለህ?» አሁን ማንበብ ችላችኋልና፣ ስለ እናንተ የተጻፈውን ራሳችሁ ለማየት ጠይቁ።

ጥያቄ
1. ፖሊሲ ምንድን ነው?
2. የ1977ቱ ሰፈራ ማንን ጎዳ? ለምን?
3. በቀበሌያችሁ ሳይጠና የተሠራ ሥራ አለ? ተወያዩበት።