ወተቱን አትከልክሉት

ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው ቱቦው ላይ የተጻፈው የራሱ ስም መሆኑን ሁለቴ ያያል። ያው ሰው ሽንት ሲባል ማለዳ ቤቱ የሞላውን የሽሮፕ ጠርሙስ ከምሳ በኋላ ከቦርሳው ያወጣል። እስከዚያ ባክቴሪያው ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ሲለውጥ ስለሚውል፣ የምናነበው ፒኤች ማለትም የአሲድነቱ ልክ ከኩላሊቱ ይልቅ የጠርሙሱ ይሆናል። ላብራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ያንገበግባል። ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ለምን እንደተሠራ አብልጦ የሚናገረው ይኸው የተናቀው ፈሳሽ ነውና።

አፍዴራ ላይ የሐይቁን ውሃ ወደ ገንዳ እየሳቡ ለፀሐይ ይተዉታል፤ ውሃው ሲተን ጨው ሊሟሟ ከሚችልበት መጠን ያልፍና ይረጋል። ሽንትም ውሃው ሲያንስ፣ ወይም ውስጡ ያለው ካልሲየም፣ ኦክሳሌት ወይም ዩሪክ አሲድ ሲበዛ እንዲሁ ክሪስታል ያወጣል። የሚገርመው የአብዛኛው ጤነኛ ሰው ሽንት ራሱ በካልሲየም ኦክሳሌት ከልኩ ያለፈ መሆኑ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር ክሪስታሉን ጠጠር ኖሮት በማያውቅ ሰው ሽንትም እናየዋለን። ጠጠር ሳይሆን የሚቀረው አንድም ቶሎ ታጥቦ ስለሚወጣ፣ አንድም ሲትሬት ካልሲየሙን ይዞ የክሪስታሉን ዕድገት ስለሚገታ ነው። ሎሚ የሚመከረውም ለሲትሬቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከምስር ጋር የዋጣችሁት ጠጠር ኩላሊት አይገባም። የምግብና የሽንት መንገድ ለየብቻ ናቸው። ይህን በዚሁ ልለፈው።

ልለፈው የማልችለው የወተቱን ነገር ነው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ከካልሲየም ኦክሳሌት የተሠራ መሆኑን የሰማ ሁሉ በማግስቱ ወተት፣ እርጎና አይብ ያቆማል፤ ጎረቤቱንም ያስቆማል። አንዲት እናት ውጤት ሊወስዱ መጥተው «ልጄ፣ ወተት እርም ካልኩ ቆየሁ፤ ታዲያ ይሄ ጠጠር ከየት መጣ?» አሉኝ። ምን እንደሚበሉ ብጠይቃቸው ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ ቆጠሩልኝ። ለጤና ጥሩ ነው ተብለው ነው። ሦስቱም ኦክሳሌት የበዛባቸው ናቸው። «እማማ፣ ሐኪምዎን ያማክሩና ወደ ወተትዎ ይመለሱ» ብላቸው የቀለድኩ መሰላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክሳሌት ከአትክልት ጋር ይገባል፤ ጉበትም ይሠራዋል። ከምግብ የመጣው አንጀት ውስጥ ካልሲየም ካገኘ ከእሱ ጋር ተጣብቆ በሰገራ ይወጣል። ካልሲየም ካጣ ግን ያለ ከልካይ ወደ ደም ይሰርጋል፤ ኩላሊትም ወደ ሽንት ያወጣዋል። እዚያ ደግሞ ካልሲየም አያጣም፤ ወተት ማቆም ሽንትን ከካልሲየም ነፃ አያደርግምና። መጠናቸውን እዩት፦ በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ካልሲየም ከ100 እስከ 250 ሚሊግራም ቢገኝ አይገርምም፤ ኦክሳሌት ግን በተለምዶ ከ40 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ከሁለቱ ጥቂቱ እሱ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲጨምር ሚዛኑ ይናጋል።

በ1993 የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ45,000 በላይ ወንዶችን የተከታተለ ጥናት፣ ከምግብ ብዙ ካልሲየም የሚያገኙት በጠጠር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳየ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሎሪስ ቦርጊና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጠጠር የሚመላለስባቸውን 120 ወንዶች ለሁለት ከፈሉ። 60ዎቹን ካልሲየም አስቀነሷቸው፤ ለሌሎቹ 60 ካልሲየሙን በወጉ ትተው ጨውና ሥጋ አስቀነሷቸው። በ2002 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ በ5 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 23ቱን፣ ከሁለተኞቹ 12ቱን ጠጠር መልሶ ያዛቸው። ጨው የተነሣው በከንቱ አይደለም፤ ኩላሊት ትርፍ ሶዲየም ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮ ይለቃል። የካልሲየም ክኒን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከምግብ ውጪ ሲዋጥ አንጀት ውስጥ የሚይዘው ኦክሳሌት ስለሌለ ሽንቱ ላይ ይደመራል።

በጾምስ? ጤፍ በካልሲየም ብዙ እህሎችን ይበልጣል። ጎመን ኦክሳሌቱ ጥቂት ነው፤ ቆስጣ ግን አብረው በአንድ ትሪ ቢቀርቡም ከጎመን ጋር አይወዳደርም። ቆስጣ ለሚወድ ባለ ጠጠር፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከሚሟሟው ኦክሳሌት ጥሩ ድርሻ ያስወግዳል። «ቫይታሚኑ እንዳይፈስ» ብላችሁ መረቁን የምታጠጡት ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉት።

ዩሪክ አሲድ ጠባዩ ለየት ይላል። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ በ1776 ያገኙት ከፊኛ ጠጠር ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ከብዛት ይልቅ የሚፈርደው ፒኤች ነው፤ ሽንቱ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ ማለትም አሲድነቱ ሲበዛ ይረጋል፣ ወደ 6.5 ሲጠጋ ይሟሟል። ስለዚህ ሐኪም በፖታሲየም ሲትሬት አሲድነቱን ሲቀንሰው፣ ተሠርቶ ያለቀ ጠጠር እንኳ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊሟሟ ይችላል። ዩሪያ የሚሰባብሩ ባክቴሪያዎች የሚያመጡት የኢንፌክሽን ጠጠር በተቃራኒው አሲድነቱ በጠፋ ሽንት ውስጥ ያድጋል።

ውሃ ጠጡ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። የሚሳሳቱት በልኩ ነው። ጠጠር ይዞት ለሚያውቅ ሰው ግቡ በቀን 2.5 ሊትር መሽናት ነው፤ የሚጠጣው ከዚያ ይበልጣል። ሪያድና ዱባይ በበጋ ደጅ የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙውን በላብ ስለሚያጡት፣ አዲስ አበባ ይበቃቸው የነበረው መጠን እዚያ አይበቃቸውም።

ጠጠሩ ሲወርድላችሁ ደግሞ በደስታ ሽንት ቤት አትልቀቁት። በንጹሕ ጨርቅ አጣሩት፣ አድርቁትና ለሐኪም አሳዩት። ከምን እንደተሠራ የሚለየው ተመርምሮ ነው፤ ለዩሪክ አሲዱ መድኃኒት የሆነው አሲድ መቀነስ፣ ካልሲየም ፎስፌት ሆኖ ከተገኘ ያንኑ ጠጠር ሊያሳድገው ይችላል።