ሥራው ሲያልቅ መሰላሉን እናንሳ

ባለፈው ጊዜ ስለ መጠጥ ውሃ ንጽሕና ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ መሰላልና ስለ ደረጃ እንነጋገራለን። «መሰላል ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እስኪ ስሙኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ቆቦ ነው። እንደምታውቁት በራያ ቆላ ሀብታችን ማሽላ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ለዘር የመረጥነውን የማሽላ ራስ ከምድጃው በላይ እንሰቅላለን። ጢሱ ነቀዝን ይከላከልልናል። ሌላውንም ዕቃ ቆጥ ላይ እናወጣለን። ለዚህ ሁሉ መሰላል እናቆማለን። ሥራው ሲያልቅ ግን መሰላሉን እዚያው ትተን እንወጣለን።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቆጥ ላይ ጥንቅሽ ሳስቀምጥ አይታኛለች። እኔ ደጅ ላይ ከጎረቤት ጋር ሳወራ «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ልጄ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቃ ወድቃለች። እጇ ተሰብሯል። እሳቱ ላይ ብትወድቅስ ኖሮ? ዛሬ ድናለች፤ ትምህርት ቤትም ገብታለች። ያን ቀን ሰው ሁሉ «ምን ያለች ቀበጥ ናት!» አለ። ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። መሰላሉን አቁሜ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ትንሽ ልጅ ለምን ቶሎ ይወድቃል? ሕፃን ሲወለድ የጭንቅላቱ ርዝመት ከመላ ቁመቱ አንድ አራተኛ ያህል ነው። የትልቅ ሰው ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ክብደቱ ወደ ላይ ነው። ጎንበስ ሲል ጭንቅላቱ ይስበዋል። ደግሞም መውጣትን ቶሎ ይለምዳል፤ መውረድን የሚለምደው ዘግይቶ ነው። «አትውጣ!» ብንለው ወዲያው ይረሳዋል። ቁጣ አጥር አይሆንም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መሰላሉን ሥራ እንደጨረስን እናንሳ። በጎኑ ከግድግዳው ሥር እናጋድመው። ለማንሳት ከከበደ፣ የታችኞቹን መወጣጫዎች በሳንቃ ሸፍነን በገመድ አጥብቀን እንሰር።

2. ደረጃ ላለው ቤት በር እንሥራ። በላሊበላ ከጥንት ጀምሮ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። በእኛም ከተማ ፎቅ ቤት ተሠርቷል። እንዲህ ባለ ቤት ከደረጃው በላይም በታችም ልጅ የማይከፍተው አጭር በር ይኑር። በመደገፊያው እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ይህም የተጨበጠ እጅ ያህል ነው። ከዚያ ከሰፋ ልጅ ሊሾልክበት ይችላል።

3. የደረጃው ከፍታ ሁሉ እኩል ይሁን። እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ይለካና ሌላውም እንደዚያው ይመስለዋል። አንዱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ያሰናክላል። የሚነቃነቅ ድንጋይ ካለ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ እናጽናው።

4. ደረጃ ላይ ጫማ፣ እንጨት ወይም ጀሪካን አናስቀምጥ። ማታ መብራት ይኑር። ልጅ ይዘን ስንወርድ አንድ እጃችን መደገፊያውን ይያዝ።

5. መውረድን እናስተምር። ልጁ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ በሆዱ ተንተርሶ፣ እግሩን አስቀድሞ ይውረድ። እኛ ከበታቹ እንሁን።

ልጅ ከወደቀስ? ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ካስመለሰው፣ አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ የመሰለ ነገር ከፈሰሰው፣ «ተኝቶ ይነሣ» አንበል። ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

እጅ ወይም እግር ከተሰበረ አንሸው፤ አንጎትተው። በቀጥ ያለ እንጨትና በጨርቅ ሳናጠብቅ ደግፈን ወደ ሐኪም እንሂድ። የእኔን ልጅ ጎረቤቶች «ወጌሻ ይሰራት» ብለው ነበር። ነገር ግን ስብራት ጠብቆ ሲታሰር ደም መዘዋወር ያቆማል። ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ይጠቁራሉ፤ ይደነዝዛሉ። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ማሰሪያውን ወዲያው እናላላ።

ውድ አድማጮችና አንባቢዎች፣ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ጥያቄ ልተውላችሁ። ከጎረቤት ጋር ተወያዩበት።

አንደኛ፦ በቤታችሁ ልጅ ሊወጣበት የሚችል ምን አለ?

ሁለተኛ፦ ትንሽ ልጅን «አትውጣ» ማለት ብቻ ለምን አይበቃም?

ሦስተኛ፦ ዛሬ መሰላላችሁ የት ነው ያለው? ቆሞ ነው ወይስ ተጋድሞ?

የሦስተኛውን መልስ አሁኑኑ ተነሥታችሁ እዩት። እስከምንገናኝ ደኅና ሁኑ።