ልጁ ወዝ ሲያወጣ

ሆሳዕና ውስጥ በስኳር ክትትል ክፍል ስለምሠራ፣ ከታካሚው እኩል አብሮት የመጣውን ልጅ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። እናት ጣቷን ተወግታ ደሟ ሲለካ ልጇ አጠገቧ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። አንገቱ ዙሪያ ጠቆርና ወፈር ያለ ቆዳ ካየሁ ስለ እሱም እጠይቃለሁ። ብዙ እናቶች “እድፍ ነው፤ ባሸው ባሸው አልለቅ አለኝ” ይሉኛል። እድፍ ግን አይደለም። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን ቆዳውን ያወፍረዋል፣ ያጠቁረዋልም። ምልክቱ ያለበት ልጅ ሁሉ ስኳር ይዞታል ማለት አይደለም፤ በባዶ ሆድ ደሙ መታየት ግን አለበት።

አንድ ነገር ሳይምታታ ልለይ። በአገራችን በልጅነት የሚገኘው ስኳር በአብዛኛው ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። እሱ በወላጅ ጥፋት አይመጣም፣ በአመጋገብም አይከላከሉትም። ልጅ በድንገት ከከሳ፣ ውሃ ጥም ካስቸገረውና ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይምጣ። ጸሎቱ ይቀጥል፤ ልጁ ግን አይዘግይ፤ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ዓይነት ሁለት ነው። ይህ በዝግታ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ልንቀድመው የምንችለውም እሱን ነው።

የኛ አካባቢ ወላጅ የሚፈራው ረሃብን ነው፤ ፍርሃቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲቀር በሀዲያና በከምባታ ማሳው ለምለም ሆኖ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተው ማገገሚያ ጣቢያ ገብተዋል። ያን ጊዜ ያየ ሰው ልጁ ሰውነቱ ሲሞላ “ወዝ አወጣ፣ አማረበት” ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ማህፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች ዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና 1945 ኔዘርላንድስ በረሃብ በተመታች ጊዜ በማህፀን የነበሩ ሰዎች ከጎለመሱ በኋላ ሰውነታቸው የደም ስኳርን በአግባቡ መቆጣጠር ሲያቅተው ታይቷል። በማህፀን እጦት የለመደ ሰውነት በኋላ ትርፍ ሲጫንበት ይቸገራል። በዚያ ላይ ጉርምስና ራሱ የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማል። በዚህ ዕድሜ የጀመረ ዓይነት ሁለት ስኳር ደግሞ ከአዋቂው ይልቅ ፈጥኖ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል። እንግዲህ በችግር ጊዜ ልጅን ያተረፈው “ብላ፣ ጨምር” ዛሬ እዚያው ልጅ ላይ ይከብዳል።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜና ሺንሺቾ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ብዙ ነው። ገንዘቡ ቤት ሠርቷል፣ አስተምሯል፤ ክብር ይገባዋል። የራቀ አባት ናፍቆቱን የሚገልጸው በመላክ ነው፤ እናትም ልጁ የአባቱ እጦት እንዳይሰማው የጠየቀውን ትገዛለች። ለስላሳው በሳጥን ይገባል፤ ትምህርት ቤት ሁለት ዳገት ቢሆን እንኳ በባጃጅ ይኬዳል። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ስኳር ሻይ ውስጥ ሲጨመር ብናይ ሁላችንም እንጮህ ነበር።

አንዳንዱ ወላጅ ይህን ሲሰማ ልጁን ብቻ ለይቶ ይከለክላል፤ ራሱ ግን ፊቱ ተቀምጦ ይጠጣል፤ እንግዳ ሲመጣም “ወፍሮብን ነው” ብሎ ያሳፍረዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያፈረ ልጅ ተደብቆ ይበላል እንጂ አይቀንስም። ለውጡ የቤቱ ሁሉ ይሁን። ለስላሳው ከቤት ይውጣ፤ ውሃ ይቀመጥ። ቆጮን ማንም ይተው አልልም፤ ነገር ግን ትሪው ላይ ጎመኑና አይቡ ይብዛ፣ ቆጮው ይነስ። አተካና የሀዲያዎች የያሆዴ በዓል ምግብ ነው፤ ቡላው፣ ቅቤውና ወተቱ ለበዓል ያምርበታል፤ በየሳምንቱ ሲሆን ነው ችግሩ። በከምባታም ለመሳላ በዓል የሚሠራውን እንዲሁ አስቡት። እግር ደግሞ ነፃ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ትምህርት ቤት በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ልጅ ብዙውን ጨረሰ። የእግር ኳስ ቡድናችንን የሀዲያ ሆሳዕናን ጨዋታ ማየት ደስ ይላል፤ ከትምህርት በኋላ ኳሱን ራሱ ቢመታው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ዝምታው ነው። ስኳር እንዳለበት ለልጆቹ ያልነገረ አባት ብዙ አጋጥሞኛል፤ እንዳይጨነቁ ብሎ ይደብቃል። ዓይነት ሁለት በቤተሰብ ውስጥ ስለሚተላለፍ ልጁ የራሱን አደጋ የሚያውቀው ወላጁ ሲናገር ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ባሏን በስልክ አገናኘችኝ፤ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ መድኃኒት ከጀመረ ቆይቷል፣ ልጁ ግን አያውቅም። “እርስዎ ራስዎ ይንገሩት” አልኩት። ያን ዕለት ማታ ነገረው። ልጁ በሳምንቱ በባዶ ሆዱ ከእናቱ ጋር መጣ፤ ውጤቱ 108 ሆነ። 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር እንለዋለን፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ገና የሚመለስበት ነው። ልጁ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈና ለአባቱ ላከለት።